በአንድ መስመር መልእክት ውል ይፈርሳል?

በጣም ነው የተናደድኩት! እዚህ ደሴ ሆኜ በርቀት ዲዛይን የምሠራለት ድርጅት ማታ በቴሌግራም "ከነገ ጀምሮ አንቀጥልም" ብሎ ላከልኝ። ምክንያት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔን ተሸክሜ ፒያሳ ካፌ ለካፌ እየዞርኩ፣ እንቅልፌን አጥቼ ሥራቸውን በሰዓቱ ሳደርስ ኖሬ አመድ አፋሽ ሆንኩ። ያለቀው ሥራ ክፍያስ? ዝም! ተቀጣሪ ብሆን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ያለ ጥፋቱ ሲሰናበት ቢያንስ የ1 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። እንደ እኔ ሳይቀጠር በራሱ የሙያ ኃላፊነት ተስማምቶ የሚሠራውን ግን አዋጁ አያካትተውም። እኛስ ኪራይ አንከፍልም? እናቴ "አብሽር ልጄ፣ አላህ ሌላ በር ይከፍታል" ትለኛለች። አሚን፣ ግን አከራዬ እስከዚያ አይጠብቀኝም። ሌላው ቢቀር የሠራሁበትን ክፈሉኝ!