እርማት፦ ጎማ ስለጠነከረ ብቻ አይፈጥንም

ወንድሜ፣ «የሳይክሎክሮስ (የጭቃና የኮረኮንች ውድድር) ብስክሌት የውድድር ነውና ጎማው ድንጋይ እስኪመስል ይነፋ» ያልከው ለባሕር ዳር አስፋልት እንኳ ያጠያይቃል፤ ለጭቃና ለኮረኮንች ግን ጭራሽ ስህተት ነው። ጠንካራ ጎማ ጠጠር በመታ ቁጥር ይነጥራል፤ አንተንና ብስክሌቱን ወደ ላይ ያነሳበት ጉልበት ከፍጥነትህ ላይ የተቀነሰ ነው። ለስለስ ያለው ጠጠሩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል፣ ኩርባ ላይም መሬት ይይዛል።

በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር (ዩሲአይ) ደንብ የሳይክሎክሮስ ውድድር ጎማ ስፋት ከ33 ሚሊሜትር አይበልጥም። ጎማህ ካላማዳሪያ የሌለው፣ በማሸጊያ ፈሳሽ የሚሠራ ከሆነና ክብደትህ 70 ኪሎ አካባቢ ከሆነ፣ የፊቱን በ24፣ የኋላውን በ26 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ጀምር። ከዚያ አንድ አንድ እየቀነስክ ሞክር። ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ከተሰማህ ወይም ኩርባ ላይ ጎማው ከተጣመመ 2 ጨምር። ካላማዳሪያ ካለው ከ35 በታች አትውረድ። ካላማዳሪያው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካየህ እሾህ አይደለም፣ የንፋስ ማነስ ነው። ጎሚስታ ቤት ያለው የመኪና ጌጅ የ2 ፒኤስአይ ልዩነት ለማሳየት አይመችም፤ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ጌጅ ያዝ።

ፈሳሹ በሙቀት ይደርቃል፤ በየሁለት ወሩ ከፍተህ እይ። በክረምት ጣና ዳር ያለው ጥቁር መረሬ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፦ ጥርሱ የተራራቀ ጎማና በፎርኬታው በኩል ሰፊ ክፍተት ይፈልጋል እንጂ በንፋስ አይፈታም።