በጥርስ ሽቦ አታስፈራሩን

ሐኪሟ ትንሽ የብረት ማስመሪያ በልጄ የፊት ጥርሶች ላይ ደገፍ አድርጋ አነበበች፤ «አምስት ሚሊሜትር።» የላይኛው የፊት ጥርሷ ከታችኛው ያን ያህል ወደፊት ወጥቷል ማለት ነው፤ እኛ ገጣጣ የምንለው። ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ የምንኖረው ጀርመን። የቀረውን የነገረችን እንግዳ ተቀባይዋ ናት። የጥርስ ሽቦው አሁኑኑ ካልተጀመረ ጥርሷ ይበላሻል፣ መንጋጋዋ ይታመማል፣ ስታረጅ ጥርሷ ይረግፋል። ይህን ብላ ስታበቃ ኢንሹራንስ የማይከፍለውን ተጨማሪ ወጪ የያዘ ወረቀት ከነእስክሪብቶው ገፋ አደረገችልኝ።

ማታ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደውዬ ስነግራት ሌላ ነገር አሳሰባት። «ፍንጭቷን ልታስደፍናት ነው? እግዜር የሰጣትን ጌጥ!» እናቴ ያላወቀችው፣ በዚህ ዕድሜ የሚታይ ፍንጭት ብዙ ጊዜ ክራንቻዎቹ ሲበቅሉ በራሱ ይዘጋል። ማንም ሳይነካው ማለቴ ነው።

ወረቀቱን ሳልፈርም ወደ ቤት ይዤው ሄድኩና ማንበብ ጀመርኩ። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2018 በገጣጣ ጥርስ ላይ ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችንና 1,251 ልጆችን ይዟል። ጥናቶቹ ልጆቹን በዕጣ የመደቡ ናቸው። ከ7 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ ጀምረው በጉርምስና የደገሙት ልጆች፣ በጉርምስና አንዴ ብቻ ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ መጨረሻ ላይ የጥርሳቸው አቀማመጥ ያው ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ቀድመው የታከሙት ወድቀው ወይም ተጋጭተው የፊት ጥርሳቸውን የሚጎዱበት አጋጣሚ ቀንሷል። ኮክሬን ቀደም ሲል በ2013 ባወጣው ግምገማ ስሌት አሥር ልጅ ቀድሞ ሲታከም የአንዱ ጥርስ ከጉዳት ይተርፋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥርሱ በጣም ለወጣና ኳስ ሜዳ ለሚውል ልጅ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለ መበስበስና ስለ መርገፍ ግን ግምገማው አንዳች የሚል ነገር የለውም።

ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። የጀርመን ፌዴራል ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2018 የጤና መድኖች በየዓመቱ ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ለጥርስ ማስተካከያ እያወጡ ጥቅሙ በቂ ጥናት አልተደረገበትም ብሎ ወቅሷል። የጤና ሚኒስቴሩ ያስጠናው ሪፖርት በ2019 መጀመሪያ ሲወጣ፣ ሕክምናው የልጆቹን የኑሮ ደስታ እንደሚያሻሽል አገኘ፤ ጥርስ ከመርገፍ ያድናል ወይስ አያድንም ለሚለው ግን የሚያስተማምን ማስረጃ አጣ። ሚኒስቴሩ የሕክምናውን አስፈላጊነት አልጠራጠርም አለ፤ እኔም አልጠራጠርም። «አልተረጋገጠም» ማለት «አይጠቅምም» ማለት አይደለም። ግን «ይረግፋል» ብሎ ለመማልም አያበቃም።

ልጅ በጥርሱ ሲሳቅበት ማየት ለወላጅ ቀላል አይደለም። በመልክ ምክንያት ብቻ ማሳከምም የሚያሳፍር ነገር የለውም። እዚህም ላይ ቢሆን ልከኛ መሆን ይሻላል። በካርዲፍ በ1981 የ11 እና የ12 ዓመት ልጆችን መመዝገብ የጀመረ ጥናት ከ20 ዓመት በኋላ ያገኛቸውን ሲጠይቅ፣ ሕክምና አስፈልጓቸው ያልታከሙት በዚያ የተነሳ የሥነ ልቦና ችግር አልደረሰባቸውም።

እርግጥ መጠበቅ የሌለባቸው አሉ። ሲነክስ የላይኛው መንጋጋ ወደ ውስጥ ገብቶ አገጩ ወደ ጎን የሚሄድበት ልጅ አለ፤ ክራንቻው አጥንት ውስጥ መንገድ ስቶ የቀረም አለ። የጀርመን መድን ደንብ ራሱ ለገጣጣ ጥርስ ቀደም ያለ ሕክምና የሚፈቅደው ከ9 ሚሊሜትር በላይ ሲወጣ ነው። የልጄ አምስት ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ይህን ሳታውቅ አትቀርም።

ወላጅን በልጁ ጥርስ ማስፈራራት ለእኛ አዲስ አይደለም። በየመንደሩ ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ተበጥቶ ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ተጎድቶ ወይም ጠሞ ይበቅላል። እስራኤል የገቡ ኢትዮጵያውያን ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞችም ይህንኑ አግኝተዋል። ክሊኒክን ከምላጭ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። ያ ወላጅም ግን እሺ ያለው ፈርቶ ነው።

ሁለተኛ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሽማግሌ ቢጤ ነው፣ ብዙ አያወራም። አፏን አይቶ «ክራንቻዋ ይውጣና እንየው፤ በዓመት አንዴ አምጧት» አለን። ምን ስፖርት እንደምትሠራም ጠየቃት፤ የእጅ ኳስ። ጥርሷን ከምት የሚከላከል ላስቲክ አሠርተንላታል። ቀለሙን ራሷ መረጠች፤ ወይን ጠጅ።