የፒያሳዋ እናቴ ሮም ስትገባ

ቨርጂኒያ በምሠራበት ቢሮ ከጥር ጀምሮ ወሬው ሁሉ የሰመር ዕረፍት ነው። "ዘንድሮ ልጆቹን የት ትወስዳላችሁ?" ይባባላሉ። አንዱ ፓሪስ ይላል፣ ሌላው አቴንስ ይላል፤ ትኬቱ ወራት ቀደም ብሎ ይቆረጣል። መጀመሪያ ሰሞን ይገርመኝ ነበር። እኛ ቤት ሻንጣ የሚታሰረው ለንግሥ፣ ለሠርግ ወይም ለልቅሶ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቁልቢ ስለት ነበረበት። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ዳቦ ቆሎው ይቆላል፣ በሶው ይቋጠራል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሻማና ጃንጥላ አደራ ይለናል። ያም ትልቅ ጉዞ ነው፤ ዛሬም ይናፍቀኛል። አገር ለማየት ብሎ ከቤቱ የወጣ ዘመድ ግን አንድም አላስታውስም። አዲስ አበባ ተወልጄ እስከ ሃያ አራት ዓመቴ ድረስ ስኖር ላሊበላን የማውቀው በደብተር ሽፋን ላይ ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት ተራው የእኛ ሆነ። ባለቤቴ ኮምፒውተሩ ላይ ሰንጠረዥ ሠራ፦ ፓሪስ፣ አምስተርዳም፣ ፕራግ፣ ቪየና፣ ቬኒስ፣ ፍሎረንስ፣ ሮም። ሰባት ከተማ በአሥራ ሁለት ቀን። ባቡሩ፣ ሆቴሉ፣ ሙዚየሙ ሁሉ በሰዓት ተደልድሏል። አብራን የምትኖረው እናቴ እንዲነበብላት ጠየቀች። እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጠችና "ታዲያ የምንቀመጠው መቼ ነው?" አለች።

ያ ጥያቄ ዕቅዱን በሙሉ ለወጠው። አንድ ሌላም ምክንያት ነበረን። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን የአሜሪካ ፓስፖርት ስላለን በአንድ የጋራ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ (ሸንገን) አገሮች ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት እንችላለን። እማዬ ግን ግሪን ካርድ ቢኖራትም ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው፤ ቪዛ ያስፈልጋታል። ማመልከቻው 90 ዩሮ ያስከፍላል፣ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል፣ የሆቴሉም የትኬቱም ወረቀት ተያይዞ ይቀርባል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ስለሆነ፣ አረጋዊ ወላጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ከሁሉ በፊት የእሳቸውን ቀጠሮ እንዲይዝ ነው። የሚጎበኘው ብዙ አገር ሲሆን ደግሞ ማመልከቻው የሚቀርበው ረዥሙን ጊዜ ለሚቆዩበት አገር ነው። በአንድ ጣራ ሥር እያደርን፣ አንድ ማዕድ እየበላን፣ አራታችን ሻንጣ ብቻ ስናስብ እሷ አሻራ ለመስጠት ወረፋ መቆሟ አንጀቴን በላው። እሷ ግን "ምን አለበት፣ ይጠይቁኝ፤ የምደብቀው የለኝም" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ቪዛው መጣ። ሰባቱ ከተማ ሦስት ሆኑ፦ ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ። ከሮም ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚያ ቬኒስ ሁለት ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ልጅም ሽማግሌም ይችለዋል።

የሄድነው በሰኔ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው፣ የሐምሌና የነሐሴ ሙቀትም ገና አልመጣም። ግን የሰኔ ጾም ነበር፤ እማዬ ደግሞ አንድም ቀን አትገድፍም። ዋና ጭንቀቴ ይኼ ነበር። ሽሮና በርበሬ በሻንጣ ይዘን፣ ማብሰያ ያለው ቤት ተከራይተን ሄድን። ሽሮው ሳይከፈት ተመለሰ። በመጀመሪያው ምሽት ፓስታ በስጎ ቀረበላት። አስተናጋጁ አይብ ሊነሰንስበት እጁን ሲያነሣ እማዬ በመዳፏ ሳህኑን ሸፍና "ፎርማጆ፣ ኖ!" አለችው። ሰውዬው ፊቱ በራ፤ በጣሊያንኛ ይለፈልፍላት ጀመር። እኔ በእንግሊዝኛ ስኮላተፍ ያልገባው ሁሉ ለእሷ ገባው። በማግስቱ ማሪናራ የሚባለው ፒዛ አይብ የሌለው፣ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራ መሆኑን አወቅን፤ የጾም ፒዛ ማለት ነው።

እናቴ የፒያሳ ልጅ ናት፤ ዶሮ ማነቂያ ነው ያደገችው። አሜሪካ ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ ከአንዳችን ኋላ ነበረች። ሐኪም ሲያናግራት እኔን ታያለች፣ ገበያ ስትገባ ልጄን ታያለች። ሮም ላይ ከፊት ቀደመች። የአውቶቡስ ምሰሶው ላይ ያለውን ልጄ ጮክ ብሎ ሲያነብ "ፌርማታ ነዋ! ፌርማታ ምን ይተረጎማል?" አለችው። ዳቦ ቤቱ ፉርኖ፣ ጎማ ሠሪው ጎሚስታ፣ እግር ላይ የሚጠለቀው ካልሲ፣ ቡናው ማኪያቶ። ልጆቼ አማርኛ ብለው ከእሷ የተማሩት ቃል ሰው አገር ግድግዳ ላይ ተጽፎ ሲያገኙት እየሮጡ ይመጡና "እማማ፣ ይኼስ?" ይሏታል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ያ ሁሉ ቃል ከየት እንደመጣ አስቤ አላውቅም። አምስት ዓመት የገዛን ወራሪ የተወው ነው፣ ከዚያም በፊትና በኋላ በነጋዴውና በግንበኛው የመጣ ነው። እናቴ ግን የኔ ነው ብላ ነው የምትናገረው፤ ልክም ናት።

በየመንገዱ ዳር ሌሊትና ቀን ውሃ የሚወርድባቸው አጫጭር የብረት ቧንቧዎች አሉ። ሮማውያን አፍንጫው ትልቅ እንደማለት ናዞኒ ይሏቸዋል፤ ከተማው ውስጥ 2,500 ያህል ናቸው፤ ውሃው የሚጠጣ ነው፣ ገንዘብም አያስከፍልም። እማዬ የመጀመሪያውን ስታይ ቆም ብላ "ቦኖ!" አለች። በልጅነቷ ሰፈር ቦኖ ውሃ ወረፋ በእንስራ ትቆም የነበረውን ለልጆቼ ነገረቻቸው። ቧንቧው ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ዋናውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ውሃው ወደ ላይ ይፈናጠራል። እዚያ ጋ ቆመው ተራ በተራ ሲጠጡ ግማሽ ሰዓት ሄደ። የኮሎሲየም ትኬት ስምና ሰዓት የተጻፈበት ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ሮጠን ነው የደረስነው፤ ደረስን ግን።

ለሮም አራት ቀን መድበን አንዱን ቀን ለራሳችን ታሪክ ትተነው ነበር። ከባቡር ስንወርድ ያለው ቴርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ "የአምስት መቶዎቹ" ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ስንቱ ሐበሻ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል! ባለቤቴ ልጆቹን እዚያው አቁሞ ራስ አሉላ ማን እንደነበሩ ነገራቸው።

ከዚያ ፖርታ ካፔና ሄድን። የአክሱም ሐውልት ከ60 ዓመት በላይ የቆመበት ቦታ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ነበር ያቆሙት፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1947 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሰላም ውል የዘረፉትን ሁሉ በ18 ወር ውስጥ ሊመልሱ ቃል ገብተው ነበር። ሐውልቱ ተነቅሎ፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም የገባው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፤ ነሐሴ 2000 ላይ ቆሞ ተመረቀ። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ያህል ክብደት። እማዬ ያን ቀን በቴሌቪዥን ስታይ እንባዋን መቆጣጠር አቅቷት እንደነበር እኔም አስታውሳለሁ። አሁን ቦታው ላይ የመኪና ጫጫታ አለ፤ አጠገቡ ለአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረው፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሆነው ሕንፃ አለ። አሜሪካ ላይ የደረሰው የሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ዓምዶች እዚያው ቆመዋል። የምንኖረው ከፔንታጎን አሥራ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ነውና ልጆቼ ለሁለቱም ዝም አሉ። እማዬ ባዶውን ቦታ ለረዥም ጊዜ አየችና "ቦታው እንኳን ባዶ ሆነ" አለች። ደስታ ነበር ድምጿ ውስጥ። ባዶ ቦታ ለማየት ከአሜሪካ ድረስ መምጣት እንደሚያስደስት ከዚያ በፊት ማን ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ፍሎረንስ ላይ ብዙ አልቆየንም። የኡፊዚ ሙዚየም ሰኞ ዝግ መሆኑን አስቀድመን ስላወቅን ማክሰኞ ገባን፤ በኮሪደሩ ከፍ ብለው ከተደረደሩት የነገሥታት ሥዕሎች መካከል የዐፄ ልብነ ድንግልም አለ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን የተሣለ። ከዚህ በላይ ልቤን የያዘው ግን ተራው መንገድ ነው። አምስት መቶ ዓመት ባለፈው ሕንፃ ሥር ጫማ ሰፊ ይሠራል፣ በላዩ ልብስ ተሰጥቷል፣ አሮጊት በመስኮት ቅርጫት በገመድ አውርዳ ዳቦ ታስነሣለች። እማዬ ግድግዳውን በእጇ ዳበሰችው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ የተወለደችበት ቤት አብሮ ሄዷል። እውነቱን ለመናገር ያ ቤት ጣሪያው ያፈስስ ነበር፣ መጸዳጃው ለስንት አባወራ አንድ ነበር፤ ሰው እንደዚያ መኖር የለበትም። ግን ጠግኖ ማኖርም ነበር። ፍሎረንስም አንድ ጊዜ ያፈስስ ነበር። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፤ አሁንም እናደዳለሁ።

ቬኒስ በአንዳንድ የጸደይና የበጋ ቀናት ለአንድ ቀን ውሎ ለሚመለስ ጎብኚ መግቢያ ያስከፍላል፤ አዳሪ ግን አይከፍልም። ሁለት ሌሊት አደርን። ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ላይ ባለው ኮሬር ሙዚየም በኩል ወደ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ እዚያ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ የሠራው የዓለም ካርታ አለ። ክብ ነው፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር ያህል ነው። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ "ተገልብጧል!" አለች። ደቡብ ከላይ ነው። አፍሪካ ከላይ፣ አውሮፓ ከታች። ፍራ ማውሮ ስለ አገራችን የጻፈውን የሰማው ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት አፍ ነው፤ አባይንና አዋሽን በስማቸው ጽፏቸዋል። ባለቤቴ ጣቱን መስታወቱ ላይ ሳያሳርፍ ወንዙን እየተከተለ አሳያት።

"እኛ አባይን አይተነዋል?" አለች ልጄ።

አላየነውም። ሦስት ጊዜ ኢትዮጵያ ወስደናታል። ሦስቱንም ጊዜ ሦስት ሳምንቱ ያለቀው ሳሎን ለሳሎን ነው፦ ዛሬ አክስቴ ቤት፣ ነገ አጎቴ ቤት፣ ከነገ ወዲያ የልቅሶ ቤት፤ ዶሮ ወጥ፣ ቡና፣ "ብሉ እንጂ!"፣ እንቅልፍ። ለሮም የኮሎሲየሙን ሰዓት ከወር በፊት የያዝን ሰዎች ለአገራችን አንድ ቀን እንኳን በወረቀት ላይ አስፍረን አናውቅም። ወደ እማዬ ዞርኩ። "እኔም አላየሁትም" አለች።

ባለቤቴ አዲስ ሰንጠረዥ ጀምሯል። አራት ቀን ለዘመድ፣ የቀረው ለባሕር ዳር፣ ለጎንደር፣ ለአክሱም፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን በየሳምንቱ ወንድሜን እየደወልን እንጠይቃለን፤ ላሊበላን የጻፍነው በእርሳስ ነው። ትናንት ማታ ለእማዬ አነበብንላት። ጢስ አባይ ከሚለው ቀጥሎ አንድ ቀን ሙሉ "መቀመጫ" ተብሎ እንዲጻፍ አዘዘች፤ ባለቤቴም ጻፈው።