ተደራዳሪዎቹ ቪዛ አያስፈልጋቸውም

በደቡባዊ ቱርክ ከምትገኘው የካሽ ከተማ ፊት ለፊት ካስቴሎሪዞ የምትባል ትንሽ የግሪክ ደሴት አለች። ቱርኮች ሜይስ ይሏታል። በመካከል ያለው ባሕር በጠባቡ በኩል ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ጀልባ ከወደብ ወደብ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም። የደሴቲቱ ሰዎች አትክልትና ፍራፍሬ የሚሸምቱት ካሽ ገበያ ወጥተው ነው። መታወቂያ ያሳያሉ፣ ይገባሉ፣ ዘንቢላቸውን ሞልተው ይመለሳሉ። የካሽ ሰው ግን በተራው ሜይስ ተሻግሬ ምሳ ልብላ ቢል የአውሮፓ ኅብረት ድንበር ይጠብቀዋል።

ግሪክ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን በር በጥቂቱ ገርበብ አድርጋዋለች። ሜይስን፣ ሮድስን፣ ኮስን፣ ሌስቦስን፣ ኪዮስንና ሳሞስን ጨምሮ ለተወሰኑ ደሴቶች የሰባት ቀን ቪዛ ወደብ ላይ ትሰጣለች፤ ዋጋው በ2024 60 ዩሮ ነበር። ወደብ ላይ ይሰጣል ይባል እንጂ ሰነዱ ከቀናት በፊት በጉዞ ወኪል በኩል ይላካል፤ ለወደቡ የሚቀረው አሻራ፣ ፎቶግራፍና ክፍያ ነው። በዚህ ቪዛ ወደ አቴንስ ማለፍም አይቻልም። የደሴቶቹ ባለ ሆቴሎች ግን በደስታ ተቀብለውታል። ቱርካዊው እንግዳ ገንዘብ ያወጣል፣ ይመለሳል፣ በሚቀጥለው በዓል ደግሞ ይመጣል።

ወደ ቀረው አውሮፓ የሚያስብ ተራ ቱርካዊ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን በአንድ ፈቃድ የሚያስገባውን መደበኛውን የሼንገን ቪዛ ደጅ ይጠናል። ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ከመመለሻው ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ቢያንስ 30 ሺሕ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ይገዛል። የሆቴልና የበረራ ማረጋገጫ፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የማኅበራዊ ዋስትና መዝገብ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የወራት የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ ቤት ካለው የቤቱን ካርታ፣ ከዚያም ከነቤተሰቡ የተመዘገበበትን የሕዝብ መዝገብ ቅጂ ይሰበስባል። ለአምስት ቀን ሽርሽር የሕይወት ታሪኩን በማኅተም አስደግፎ ያቀርባል ማለት ነው። ክፍያው ከጁን 2024 ወዲህ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ማመልከቻውን የሚቀበለው የግል ድርጅት የአገልግሎት ዋጋ በዚያ ላይ ይጨመራል። በ2025 የቱርክ የተጣራ ዝቅተኛ ደመወዝ 22,104 ሊራ ነበር፤ በዓመቱ አጋማሽ ምንዛሪ 90 ዩሮ የዚያን አንድ አምስተኛ ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም ነበር። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም።

ሰነዱ ሁሉ ቢሟላም ዋናው መከራ ቀጠሮ ማግኘት ነው። ቆንስላዎቹ ማመልከቻ የመቀበሉን ሥራ ለግል ድርጅቶች ስለሰጡ አመልካቹ መጀመሪያ የሚጋፈጠው ዲፕሎማት ሳይሆን የኮምፒውተር ገጽ ነው። ቀጠሮው በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ በኮምፒውተር ፕሮግራም እየታፈሰ በጓሮ በር እንደሚሸጥ የቱርክ ጋዜጦች ሲጽፉ ዓመታት አልፈዋል። ለትምህርት ልውውጥ የተመረጠ ተማሪ የትምህርት ዘመኑ ከተጀመረ በኋላ ይደርሳል። ኤግዚቢሽን ላይ ዕቃውን ሊያሳይ የተዘጋጀ ነጋዴ ዕቃው ደርሶ እሱ ኢስታንቡል ይቀራል። ቱርክ በማመልከቻ ብዛት ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ናት፤ በ2024 ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ማመልከቻ የቀረበ ሲሆን ከሰባቱ አንዱ ገደማ ውድቅ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ጥንትም የነበረ ይመስላል። አልነበረም። ምዕራብ ጀርመን በ1961 ቱርካውያን ሠራተኞችን በስምምነት ስትወስድ የነበረች አገር ናት፤ ለአጭር ጉብኝት ለሚመጡ ቱርካውያንም ቪዛ መጠየቅ የጀመረችው በኦክቶበር 1980 ነው፣ አንካራ ላይ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ካደረጉ ከሳምንታት በኋላ። ከዚያ በፊት፣ በ1963፣ የያኔው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ከቱርክ ጋር የአንካራን ስምምነት ፈርሞ ነበር። የማኅበረሰቡ አስፈጻሚ አካል የሆነው ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ዋልተር ሃልሽታይን በፊርማው ሥነ ሥርዓት ላይ ቱርክ የአውሮፓ አካል ናት ብለው ተናገሩ። በ1970 የተፈረመውና በ1973 የጸናው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ በአንቀጽ 41 ግልጽ ቃል አስገብቷል፤ ሁለቱ ወገኖች አገልግሎት በመስጠት ነፃነት ላይ አዲስ ገደብ አይጥሉም። አዲስ ገደብ ማለት ከ1973 በኋላ የመጣ ገደብ ነው። የ1980ው ቪዛ ታዲያ ምንድን ነው?

ጥያቄውን ለሉክሰምበርጉ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ያደረሱት የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 2009 ለሾፌሮቹ ፈረደላቸው፤ ፕሮቶኮሉ ሲጸና ያልነበረ ቪዛ አገልግሎት ለመስጠት ከሚመጣ ቱርካዊ ላይ ሊጫን አይችልም አለ። በቱርክ ደስታው ትልቅ ነበር፤ አገልግሎት የሚሰጥ ያለ ቪዛ ከገባ አገልግሎት የሚቀበል፣ ማለትም ሆቴል የሚያድርና ሙዚየም የሚጎበኝ፣ ለምን አይገባም ተባለ። በሴፕቴምበር 2013 ግን ጀርመን ያለ የእንጀራ አባቷን ልትጠይቅ በፈለገች ወጣት ጉዳይ ያው ፍርድ ቤት በሩን ዘጋው። የአንካራ ስምምነት ዓላማው ኢኮኖሚያዊ ብቻ ስለሆነ አገልግሎት ተቀባዩን አይጨምርም አለ። ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ሲሆን አገልግሎት ተቀባዩም ነፃ መሆኑን ከ1984 ጀምሮ ሲፈርድ የኖረ ፍርድ ቤት ነው። የሕግ ምክንያቱን ተረድቼዋለሁ፤ አልተዋጠልኝም። በ1995 ማብቂያ በጸናው የጉምሩክ ኅብረት የቱርክ ማቀዝቀዣና ጨርቅ ያለ ቀረጥ ድንበር ያቋርጣል፤ ያመረተው ሰው ግን ገዢውን ለማየት ቀጠሮ ይጠብቃል።

የሕጉ መንገድ ሲዘጋ የቀረው የድርድር መንገድ ነበር። በዲሴምበር 2013 ቱርክ በግዛቷ አልፈው አውሮፓ የገቡ ሰዎችን መልሳ ለመቀበል ፈረመች፤ በምላሹ ልታሟላቸው የሚገቡ 72 ነጥቦችን የያዘ የቪዛ ማንሻ ፍኖተ ካርታ ተሰጣት። በማርች 2016 ደግሞ ከግሪክ ደሴቶች የሚመለሱ ስደተኞችን ለመቀበል ስትስማማ እስከ ስድስት ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ ገንዘብና በጁን ማብቂያ የሚነሣ ቪዛ ቃል ተገባላት። ኮሚሽኑ በሜይ 4 ሰባት ነጥቦች ሲቀሩ ሐሳቡን ለአውሮፓ ፓርላማ አቀረበ። በማግስቱ ስምምነቱን ያመጡት ጠቅላይ ሚኒስትር አሕመት ዳውቶግሉ እንደሚለቁ አስታወቁ፤ ከቀሩት ነጥቦች አንዱ የፀረ ሽብር ሕጉን ትርጉም ማጥበብ ነበርና፣ በሜይ 6 ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን የፀረ ሽብር ሕጋችንን አንቀይርም፣ እናንተ በመንገዳችሁ እኛም በመንገዳችን እንሂድ አሉ። በጁላይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው መጣ። ጉዳዩ እዚያው ቆመ። ጆርጂያና ዩክሬን በ2017፣ ኮሶቮ በጃንዋሪ 2024 ቪዛው ሲነሣላቸው ቱርክ ቆማ ተመለከተች።

ስለዚህ ጉዳይ በሚጻፈው አብዛኛው ነገር ውስጥ ሁለት ተከራካሪዎች ብቻ አሉ፤ ብራስልስና አንካራ። ብራስልስ ቃሏን አጥፋለች የሚለው የአንካራ ክስ ከፊሉ እውነት ነው። እኔ ግን ትኩረቴን የሚስበው ሌላ ነው፤ የፓስፖርቱ ቀለም። ተራው ቱርካዊ የሚይዘው ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ እስከ ሦስተኛው እርከን ከደረሰ፣ በጡረታም ከወጣ በኋላ፣ ልዩ የሚባለውን አረንጓዴ ፓስፖርት ያገኛል፤ የትዳር ጓደኛውና ያላገቡ ልጆቹም በዕድሜ ገደብ ያገኛሉ። በአረንጓዴው አብዛኛውን የሼንገን አገር ያለ ቪዛ ለ90 ቀን መጎብኘት ይቻላል። የቀድሞ የምክር ቤት አባላት ይህንኑ ይይዛሉ፤ በሥራ ላይ ያሉት ደግሞ የዲፕሎማቲኩ ጥቁር ፓስፖርት አላቸው። በየጊዜው ዝርዝሩ ሰፍቷል፤ ብዙ የሚልኩ ላኪዎች ገቡ፣ የረጅም ዓመት ልምድ ያላቸው ጠበቆች ገቡ፤ ሌሎች ሙያተኞችም እኛስ እያሉ ይጠይቃሉ።

ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሕዝቡን የሚያንገላታ አሠራር ሲኖር ድምፁ የሚሰማው ወገን አሠራሩ እንዲቀየር ይጮኻል፤ መንግሥትም ይጨነቃል። በቱርክ ግን ድምፁ የሚሰማ ወገን በጮኸ ቁጥር አረንጓዴ ፓስፖርት ይሰጠውና ዝም ይላል። ዳኛው፣ ፕሮፌሰሩ፣ የጤና ባለሥልጣኑ፣ ትልቁ ላኪ ከሰልፉ ወጥተዋል። በሰልፉ የቀሩት የግል ድርጅት መሐንዲስ፣ ተማሪ፣ አነስተኛ ነጋዴ፣ ልጇን ለማየት ኮሎኝ መሄድ የምትፈልግ እናት ናቸው። የፀረ ሽብር ሕጉን እንዳለ ከማቆየትና የእነዚህን ሰዎች ቪዛ ከማስነሣት አንዱን ምረጥ ሲባል መንግሥት ያለ ብዙ ጭንቀት ሕጉን ይመርጣል። የሚመርጠው ባለሥልጣን ራሱ ምንም አይጎድልበትምና።

አውሮፓውያኑ በበኩላቸው የሚያነሡት ስጋት ባዶ አይደለም። በ2023 በጀርመን ብቻ ከ60 ሺሕ በላይ የቱርክ ዜጎች ጥገኝነት ጠይቀዋል። ያለ ቪዛ የሚያስገባ ሰነድ አላግባብ ሲሠራበትም ታይቷል፤ በ2020 ከማላትያ አንድ የወረዳ ማዘጋጃ ቤት ለሥልጠና ተብለው ግራጫውን የአገልግሎት ፓስፖርት ይዘው ጀርመን ከሄዱት 45 ሰዎች 43ቱ አልተመለሱም። በዚህ ታሪክ ግን ሰነዱን የሰጠው ባለሥልጣን ነው፤ በቪዛ ጥብቅነት የሚቀጣው ደግሞ በወይን ጠጁ ፓስፖርት የባንክ ወረቀቱን ይዞ የቆመው ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ምን አገባኝ ሊል ይችላል። አንድ ምክንያት አለው። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 የቪዛ ደንቡን ሲያሻሽል ዜጎቻቸውን መልሰው በመቀበል የማይተባበሩ አገሮችን በቪዛ የሚቀጣበት አንቀጽ 25ሀን ጨመረ። በኤፕሪል 2024 ይህ አንቀጽ ኢትዮጵያ ላይ ተፈጻሚ ሆነ። በ2018 በተደረሰበት የመመለስ አሠራር በሚገባ አልተባበራችሁም ተብሎ የመደበኛው ማመልከቻ ውሳኔ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ደጋግሞ መግቢያ ቪዛ ቀረ፤ የዲፕሎማቲክና የአገልግሎት ፓስፖርት ያላቸው ሰዎች ከክፍያ ነፃ መሆናቸው ታጠፈ። ለቱርክ ማባበያ የሆነው ነገር ለእኛ ቅጣት ሆነ። በሁለቱም ወገን የአመልካቹ ጠባይ፣ ስንት ጊዜ ሄዶ በቀኑ መመለሱ፣ ከቁጥር አልገባም። ለስብሰባ የተጋበዘችው ሐኪም ከመመለስ አሠራሩ ጋር ምንም ግንኙነት የላትም፤ 45 ቀኑን የምትጠብቀው ግን እሷ ናት።

ቱርክም ለሌላው የምትከፍተው በር ተመሳሳይ መስፈሪያ አለው። ለብዙ የአፍሪካ አገሮች ዜጎች በኢንተርኔት የሚገኘውን ቀላሉን ቪዛ የምትሰጠው ጸንቶ ያለ የሼንገን፣ የአሜሪካ፣ የብሪታንያ ወይም የአየርላንድ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካላቸው ብቻ ነው። ራሷ አዋራጅ ነው የምትለውን የብራስልስ ማጣሪያ ለአፍሪካዊው ነጋዴ ታማኝነት ማረጋገጫ አድርጋዋለች። በሌላ በኩል ጀርመናዊው መታወቂያውን ብቻ ይዞ አንታሊያ ይገባል፤ በዓመት ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጀርመናውያን ይመጣሉና ማንም ምን አለህ አይለውም።

በጁላይ 2025 ኮሚሽኑ ለቱርካውያን አንድ ማሻሻያ አደረገ። ባለፉት ሦስት ዓመታት አንድ ቪዛ አግኝቶ በአግባቡ የተጠቀመ ሰው ቀጥሎ የስድስት ወር፣ ከዚያ የአንድ ዓመት፣ ከዚያ የሦስት፣ በመጨረሻም የአምስት ዓመት ደጋግሞ መግቢያ ቪዛ እንዲሰጠው ተወሰነ። ጥሩ ነገር ነው፤ ቢያንስ የሰውየውን የራሱን ታሪክ ያያል። የመጀመሪያውን ቪዛ ላላገኘው ግን ያው ገጽ፣ ያው ቀጠሮ፣ ያው 90 ዩሮ ነው።

ከ72ቱ ነጥቦች የቀሩት ስድስት ናቸው። ከፖሊስ ድርጅቱ ዩሮፖል ጋር የሚደረገው ስምምነት የሁለት ወገን ፊርማ ይፈልጋል። ከሁሉም አባል አገሮች ጋር በፍትሕ ጉዳይ መተባበር የሚለው ቱርክ ዕውቅና ያልሰጠቻትን ቆጵሮስን ስለሚጨምር በቅርብ የሚፈታ አይመስለኝም። መልሶ የመቀበሉ ስምምነት ሙሉ አፈጻጸምም እንዲሁ ከቆጵሮስ ጋር የተያያዘ ነው። የፀረ ሽብር ሕጉ፣ የግል መረጃ ጥበቃውና የሙስና መከላከያው ግን ከውጭ የማንንም ፈቃድ አይጠብቁም። ለእነዚህ ሦስቱ የሚያስፈልገው ከአንካራ ምክር ቤት የሚወጣ ሕግ ነው፤ የምክር ቤቱ 600 መቀመጫዎች ደግሞ ጥቁር ፓስፖርት ባላቸው ሰዎች የተያዙ ናቸው። የቱርክ መራጮች በሚቀጥለው ምርጫ እጩዎቻቸውን ስለነዚህ ሦስት ሕጎች በስም እየጠሩ ቢጠይቋቸው ከብራስልስ ይልቅ ቶሎ መልስ የሚያገኙ ይመስለኛል።