ኮሎኝ ስትደርሱ ጎንበስ በሉ

እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩ አንድ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ፍራንክፈርት ያርፋል። አንድ ቀን ትርፍ አለው። «እስቲ ያንን ትልቁን ቤተ ክርስቲያን አሳየኝ» ይላል። በፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ኮሎኝ እንገባለን። ከጣቢያው በር ስትወጡ ካቴድራሉ ፊታችሁ ድቅን ይላል። እንግዳው አንገቱን ወደ ኋላ ይቀለብስና ስልኩን ያወጣል። ጫፉ ፎቶው ውስጥ አልገባ ሲለው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ይሄዳል። ከዚያ «በል፣ ቡና የት ነው?» አርባ ደቂቃ። ኮሎኝ ታየች!

እኔን ይሄ ነገር ያናድደኛል። ካቴድራሉ የሚናቅ ሆኖ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1248 ተጀምሮ ያለቀው በ1880 ነው። መሃል ላይ ወደ 300 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሥራው ቆሞ፣ ባላለቀው ግንብ አናት ላይ የእንጨት ክሬን ተገትሮ ቀርቶ ነበር። ትውልድ ይወለዳል፣ ይሞታል፣ ክሬኑ እዚያው። (ኮንዶሚኒየም ዘገየብን የምትሉ፣ ተጽናኑ።) ሲያልቅ ቁመቱ 157 ሜትር ሆነ። የዋሽንግተን ሐውልት እስኪበልጠው ድረስ ለአራት ዓመት ከዓለም የሚተካከለው ሕንፃ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት አክስቴ መጡ። እሳቸው ኮሎኝን የሚያውቋት በራዲዮ ነው። የጀርመን ድምፅ በ1965 በአማርኛ ማሰራጨት ሲጀምር መቀመጫው እዚህ ነበር፤ ወደ ቦን የተዛወረው በ2003 ነው። አክስቴ ፎቶ አላነሱም። በሩ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ።

«እዚህ አያወልቁም፣ እትዬ።»

ዙሪያቸውን ቃኙ። ቁምጣ የለበሰ ጎረምሳ ቦርሳውን እያንገላታ ገባ። «እንዲህ ነው እንዴ የሚገቡት?» አሉ።

ከዋናው መንበር ጀርባ፣ በመስታወት ውስጥ ትልቅ የወርቅ ሣጥን አለ። የሰብአ ሰገል አጽም ያረፈበት ነው ተብሎ ይታመናል። ሊቀ ጳጳሱ ራይናልድ ፎን ዳሰል በ1164 ከሚላኖ ነው ያመጣው። ያ ሁሉ ግንብ የቆመውም ለዚህ ሣጥንና እሱን ሊሳለም ለሚጎርፈው ሰው ነው። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እነዚያ ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ ያመጡት?» እነሱው፣ አልኳቸው። ብዙ ቆሙ። እዚህ የእነሱ በዓል ጃንዋሪ 6 ይከበራል፤ እኛ በማግሥቱ ገናን እናከብራለን።

ከዚያ ወደ ታች ወሰድኳቸው። ክርክሬም ይኸው ነው፤ የኮሎኝ ጉዳይ ያለው ከእግር ሥር ነው። ሮማውያን በ50 ዓ.ም. ቅኝ ከተማ አድርገዋታል። ስሟም የመጣው ከዚሁ «ኮሎኒያ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ካቴድራሉ አጠገብ ባለው የምድር ውስጥ መኪና ማቆሚያ፣ ከቆሙት መኪኖች መሃል የጥንቱ የከተማ ቅጥር ቁራጭ አለ። ትኬት የለ፣ ሰልፍ የለ። የወይን ጠጅ አምላካቸውን ዲዮኒሶስን የሚያሳየው፣ በጠጠር የተሠራው ዝነኛ የሮማውያን ወለል (ሞዛይክ) የተገኘውም በ1941 ነው፤ ሰዎች ከቦምብ መሸሸጊያ ሊሠሩ መሬት ሲቆፍሩ።

ቦምቡም አልቀረላቸው። በሜይ 1942 መጨረሻ፣ በአንድ ሌሊት ብቻ፣ ወደ ሺህ የሚጠጉ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ወረዱባት። ጦርነቱ ሲያልቅ መሃል ከተማው ፍርስራሽ ነበር። ስለዚህ ራይን ወንዝ ዳር የተደረደሩት፣ ሁሉም ፎቶ የሚነሳባቸው ባለ ቀለም ቤቶች፣ ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩ ናቸው። የአክስቴ እኩያ ናቸው ብል አልተሳሳትኩም።

የእግረኛ መንገዱ ላይ አሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር የሆኑ የናስ ንጣፎች ታያላችሁ። «ማደናቀፊያ ድንጋይ» ይሏቸዋል። ሥራውን እዚሁ ኮሎኝ በ1992 የጀመረው ጉንተር ዴምኒግ የሚባል አርቲስት ነው። ዛሬ በመላው አውሮፓ ከ100,000 በላይ ሆነዋል። ጽሑፉ አጭር ነው፦ እዚህ ይኖር ነበር፣ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የተጋዘበት፣ የተገደለበት። ናዚዎች ከዚያ በር ያወጡት ሰው ነው። ፊደሉ ትንሽ ስለሆነ ቆማችሁ አይነበብም።

ከጣቢያው በእግር ብዙም ሳይርቅ ኤል ደ ሃውስ የሚባል ቤት አለ። ከ1935 እስከ 1945 የጌስታፖ፣ የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ ቢሮ ነበር፣ አሁን ሙዚየም ነው። ምድር ቤቱ እስር ቤት ነበር። በጠባቦቹ ክፍሎች ግድግዳ ላይ እስረኞች የጻፏቸው ወደ 1,800 የሚሆኑ ጽሑፎች ይታያሉ። በእርሳስ፣ በምስማር፣ በከንፈር ቀለም፣ በጥፍር ሳይቀር። አክስቴ ወጣትነታቸው በቀይ ሽብር ዘመን ነው ያለፈው። መስቀል አደባባይ ያለውን የሰማዕታቱን ሙዚየም አንዴ ገብተው ሁለተኛ አልተመለሱበትም። እዚህ አንድ ግድግዳ ፊት ቆመው ጣታቸውን ዘረጉ፤ ሳይነኩ መለሱት። ደረጃውን ስንወጣ «መሃል ከተማ እኮ ነው። ጎረቤት አልሰማም?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ወደ ባቡር ጣቢያው ስንመለስ መሽቷል። ከካቴድራሉ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደውን አደባባይ ልናቋርጥ ስንል ጠባቂ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። እዚያ ቦታ ይሄ የተለመደ ነው። የከተማው ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ የተሠራው ከአደባባዩ ሥር ነው። የሰው ኮቴ ታች ስለሚሰማ ኮንሰርት ባለ ቁጥር መንገዱ ይዘጋል። በ1986 ተመርቆ ሲከፈት ይህን ያሰበ የለም መሰለኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ቀጥረው ያስጠብቃሉ።

«ከሥራችን ሙዚቃ እየተጫወቱ ነው፤ ኮቴያችን ይረብሻቸዋል» አልኳቸው።

«ታዲያ ይሄ ምን ችግር አለው?» አሉና ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ።