ታክሲው የት ይቁም?

ጠቡን ያስነሳው ታርጋ ነው። ሀጂ ቪትዛቸውን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከገዛ ህንጻቸው በር ላይ አቁመው ዙህር ሰግደው ሲመለሱ የፊት ታርጋው የለም። ትራፊኩ ፈቶ ወስዶታል። "በገዛ ደጄ!" እያሉ ነው ሻይ ቤቱ የገቡት። እኛ እንደ ልማዳችን ጥግ ይዘን ተቀምጠናል። ከዚያ በኋላ ሻዩን በትኩሱ የጠጣ ሰው የለም።

"አብሽሩ ሀጂ፣ ከፍለው ይወስዱታል" አለ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ።

"ክፍያው መች አናደደኝ! ሊዝ ከፈልኩ፣ ጂ ፕላስ ፎር ገነባሁ፣ ግብሬን እከፍላለሁ። ደጄ ላይ ካላቆምኳት የት ላድርጋት? ጦሳ ላይ ልስቀላት?"

ሁላችንም ሳቅን። ግን ቀልዱ ውስጥ እውነት አለ። ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል። በአንድ ወገን የጦሳ ተራራ፣ በሌላው አዝዋ ገደል፣ መሀል ላይ የቦርከና ወንዝ። ከተማዋ መወፈር አትችልም፣ መርዘም እንጂ። ይባስ ብሎ ከአዲስ አበባ መቀሌ የሚሄደው መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ተሳቢው፣ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ሁሉም እዚያችው ላይ ነው የሚጋፋው። ዳሩን መኪና ሲይዘው መሀሉም ይዘጋል።

ኢንጅነሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። የህንጻ ፕላን የሚያጸድቀው ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ለወትሮው ዝምተኛ ነው። "ሀጂ፣ ደጅዎማ የእርስዎ ነው። አስፋልቱ ግን የመንገደኛ ነው። ደግሞስ ህንጻው ምድር ቤት የለውም እንዴ? ፕላኑ ላይ የመኪና ማቆሚያ ተብሎ አይቼዋለሁ።"

ሀጂ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"ሲሚንቶ ነው ያለበት" አለ የባጃጁ ልጅ ሳይጠየቅ።

እኔም አንድ ቀን ወርጄ አይቼዋለሁ። መኪና መውረጃው ላይ ፍሪጅና ምንጣፍ ተደርድሯል፤ አንዱ ተከራይ የሚሸጠው ነው። ከሥር ሲሚንቶ በጆንያ፣ ብረት በጥቅል፣ ጥግ ላይ የተሰባበረ ሴራሚክ። ወለሉን ጫማዬ ሲጠርገው ለመኪና የተሰመረው ቢጫ ቀለም ብቅ አለ፣ አልጠፋም። ከፍሪጆቹ ኋላ ግድግዳው ላይ "ፒ" የሚል ምልክት ተስሏል። ለማን እንደሆነ እንጃ። በዚህ ነገር ሀጂ ብቻቸውን አይደሉም። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ስንቱ ህንጻ ፕላኑ ላይ ማቆሚያ የተባለውን ቦታ ሱቅ፣ መጋዘን፣ ከረንቡላ ቤት አድርጎታል።

"ይኸው ነው እኮ!" አለ ኢንጅነሩ። "የህንጻ አዋጁ አገልግሎት ሲቀየር ፈቃድ ይጠየቃል ይላል። ማቆሚያ ብሎ አስፈቅዶ መጋዘን ማድረግ ምን ይባላል?"

ሀጂ አሁን ቆጣ አሉ። "ስማኝማ። ስጨርስ ክፍት ነበር፣ ዘበኛም ቀጥሬ ነበር። ዓመት ሙሉ ባዶውን ተቀመጠ። ላይ በነጻ እያቆመ ማን ሞኝ ታች ወርዶ ይከፍለኛል? መብራቱን እኔ፣ ዘበኛውን እኔ። ሲሚንቶው ግን ኪራይ ይከፍላል።"

በዕለቱ ከተነገረው ሁሉ ይቺን የሚያህል አልሰማሁም። ኢንጅነሩም ወዲያው መልስ አላገኘላትም። ትንሽ ቆይቶ ወደ ጃፓን ሄደ። "ጃፓን ውስጥ መኪና የምታቆምበት ቦታ እንዳለህ ከፖሊስ ማረጋገጫ ካላመጣህ ታርጋ አይሰጥህም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1962 ጀምሮ ሕግ ነው። ቦታው ከቤትህ ከ2 ኪሎ ሜትር መራቅ የለበትም።"

"ቪትዟንማ ያመጣናት ከእነሱ ነው" አሉ ሀጂ። "ሕጉን እዚያው ትተነው መጣን።"

የባጃጁ ልጅ ሌላ ተስፋ ነበረው። የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ተከልክሏል፤ ስለዚህ መኪናው ራሱ ይቀንሳል ባይ ነው። ኢንጅነሩ ሳቀበት። የኤሌክትሪኩም መኪና ጎማ አለው፣ የኤሌክትሪኩም ቦታ ይይዛል። ጭሱ ይቀር ይሆናል እንጂ ቦታው ያው ነው።

እስከዚህ ድረስ ሲስተር አልተናገረችም። አዳር ሠርታ የወጣች ነርስ ናት፣ ዓይኗ ቀልቷል። "ይቅርታ ሀጂ" አለች በመጨረሻ፤ "ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ከእርስዎ በቀር መኪና ያለው ማን ነው?"

ተያየን። ማንም የለም።

"ታዲያ ለምንድነው ስለ መኪና ማቆሚያ ብቻ የምናወራው? የታክሲው ማቆሚያስ? ፌርማታው እኮ የነበረው ከሀጂ ህንጻ በር ላይ ነው። መኪና ሲሞላበት ታክሲው አልፎ ዳገቱ ላይ መቆም ጀመረ። ከዚያም ትራፊክ አባረረው። አሁን የት እንደሚቆም ረዳቱም አያውቅም። 'ወራጅ አለ' ትላለህ፣ 'ቆይ እዚህ አይቆምም' ይልሃል፣ መብራቱን አልፎ ያወርድሃል። ባለፈው ለክትትል የመጣች እርጉዝ መሀል መንገድ ላይ ነው ያወረዷት። በአንድ በኩል የቆመ መኪና፣ በአንድ በኩል የሚመጣ አይሱዙ። በሁለት መኪና መሀል መሹለክ አቃታት፣ ሆዷ አላሳልፍ አላት። መከላከያውን ዞራ እስክትወጣ ክላክሱ ሲያደነቁራት አየሁ። ከኋላዋ ደግሞ ቱቦው ክፍት ነው።"

ሀጂ "አስተግፊሩላህ" አሉና ዝም አሉ።

የሚገርመው ቀጥሎ የተናገረው የባጃጁ ልጅ ነው። "ወላሂ እውነቱን ልንገራችሁ። ታክሲው ቦታ ስለሌለው ነው እኔ የምሠራው። እኔ ሦስት ሰው ነው የምጭነው፣ ሚኒባሱ አስራ ሁለት። ታክሲው በሥርዓት ቆሞ በሥርዓት ከጫነ ከቧንቧ ውሃ ፒያሳ ማን ይዞኝ ይሄዳል? ፌርማታው ከተስተካከለ የምከስረው እኔ ነኝ።"

ኢንጅነሩ ነፍሱ መለስ አለች፣ የሚወደው ሒሳብ መጣለት። "እሺ ልቁጠርላችሁ። የሀጂ ቪትዝና አንድ ሚኒባስ የሚይዙት ቦታ ብዙም አይበላለጥም። ቪትዟ ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አስራ አንድ ተገትራ ትውላለች፣ ያመጣችው አንድ ሰው ነው። እዚያው ቦታ ላይ በየሦስት ደቂቃው አንድ ሚኒባስ ቢቆም በሰዓት ሃያ ነው፤ ሃያ ጊዜ አስራ ሁለት፣ ሁለት መቶ አርባ ሰው። ግማሹ እንኳ ወርዶ ግማሹ ቢሳፈር ለእርስዎ ሱቅ የሚሻልዎት የቱ ነው?"

"ደንበኛዬ ግን በመኪና ነው የሚመጣ" አሉ ሀጂ።

"ሰኞስ?" አለች ሲስተር።

ሀጂ ፈገግ አሉ። ሰኞ ገበያ ነው። ከኩታበሩም ከሐይቁም ገጠሩ የሚጎርፍበት ቀን። የሀጂ ሱቅ በሳምንት ውስጥ እግር የማያስገባው ያን ቀን ነው። ያ ሁሉ ሰው ቪትዝ የለውም። "ሰኞማ በታክሲና በእግሩ ነው" ብለው አመኑ። ኢንጅነሩ እዚያ ላይ አልማራቸውም፤ በየሱቁ ደጅ የቆመው መኪና አብዛኛው የማን እንደሆነ ጠየቃቸው። የባለሱቆቹና የሠራተኞቹ ነው። በመኪና የመጣ ደንበኛ ካለም ቦታውን ቀድሞ የያዘበት ባለሱቁ ራሱ ነው ማለት ነው።

ሀጂ ግን ዝም ብለው የሚረቱ ሰው አይደሉም። የጭነቱን ነገር አነሱ። አይሱዙው ሲመጣ የት ይራገፍ? ኢንጅነሩ "ሌሊት ይራገፋ" አለ በቀላሉ። እሱ ጆንያ ተሸክሞ አያውቅም። "ሌሊት? በዚህ ጭጋግ? የቀን ሠራተኛ ከየት ነው የማመጣው? በሩን ማን ይከፍትልኛል?" እዚህ ላይ ሀጂ ትክክል ናቸው። የደሴን የክረምት ሌሊት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ አይመልስም።

እንግዲህ የኔን ልበል፤ እዚያ ቁጭ ብዬ ብዙም አልተናገርኩም።

ሲስተር ናት የረታች። ክርክሩ መጀመር የነበረበት ከታክሲው ነው። ደሴ እንደ መቀነት የረዘመች ከተማ ናት፤ ሰዉ ሁሉ የሚመላለሰው በአንድ መስመር ነው። እንዲህ ያለ ከተማ ለታክሲና ለአውቶብስ የተመቸ ነው፣ ፌርማታው ቦታ ካገኘ። ስለዚህ ከሀጂ ህንጻ በር ላይ ሁለት ሚኒባስ ተከታትሎ የሚቆምበት ቦታ ይሰመር፣ ማንም የግል መኪና አይንካው። ቱቦው ይከደን። ባጃጁ አስፋልቱን ለቆ መጋጠሚያው ላይ ተራ ይያዝ፤ ወደ ዳገቱ ሰፈር ሚኒባስ ስለማይወጣ ሥራ አያጣም። ልጁ እከስራለሁ ያለው ፒያሳን ብቻ አስቦ ነው።

ታርጋ መፍታቱን ግን አልወደድኩትም። ለሀጂ አዝኜ አይደለም። ታርጋዋ የተፈታ መኪና መሄድ አትችልም። ሀጂ ከፍለው እስኪመለሱ ቪትዟ እዚያው ፌርማታው ላይ ተገትራ ዋለች። ታክሲው ያን ቀን ምን አተረፈ?

ኢንጅነሩንም ሙሉ በሙሉ አልደግፈውም። አዋጁ ልክ ነው፣ ምድር ቤቱ ማቆሚያ መሆን አለበት። ግን ላይ በነጻ እየተቆመ ታች ክፈት ማለት ሀጂን ለባዶ ቦታ ዘበኛ ቅጠር ማለት ነው። መጀመሪያ የመንገዱ ዳር ይከፈልበት። በየግማሽ ሰዓቱ ቲኬት ይቆረጥ፣ ለረጅም ሰዓት የሚቆመው ደግሞ ከምድር ቤቱ የበለጠ ይክፈል። ያኔ ቀኑን ሙሉ የሚገትረው ሰው ማንም ሳያባርረው ወደ ታች ይወርዳል፤ ለአስር ደቂቃ ዕቃ የሚገዛው ደግሞ ላይ ቦታ ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ሲሚንቶው ይውጣ ቢባል ሀጂም የሚመልሱት አይኖራቸውም። የሚሰበሰበው ብር ለፌርማታው ጣሪያና መቀመጫ ይዋል፤ በደሴ ዝናብ ቆሞ ታክሲ የጠበቀ ለምን እንደምል ይገባዋል። ጭነት ደግሞ ከንጋት እስከ ሁለት ሰዓት ይራገፍ። ሌሊት አይደለም፣ ሱቅም ገና አልሞላም።

ስንወጣ ሀጂ ይህን ስነግራቸው አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። "ጎረቤቴም ካወጣ እኔም ነገውኑ አወጣለሁ። እሱ ሱቅ አድርጎ እያከራየ እኔ ብቻ ኪራይ የማጣበት ምክንያት የለም።" የሚያስከፋ ነገር አላገኘሁበትም። ይህን ሊያደርግ የሚችለው ፕላኑን ያጸደቀው ቢሮ ነው፤ በአንድ ቀን፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ላሉት ህንጻዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ደብዳቤ መስጠት። ኢንጅነሩን ደብዳቤውን ማን እንደሚፈርመው ጠየቅኩት። አለቃው ነው፤ ሰኞ አነጋግረዋለሁ ብሏል።