የሻገተ የዶሮ መኖ ቢታመስም መርዙ አይለቅም

ሰላም ለሁላችሁ። ተርፎ የሻገተ የዶሮ መኖ ፀሐይ ላይ በደንብ ከተሰጣ ወይም ከታመሰ መልሶ ለዶሮ ይሰጣል የሚል ምክር ደጋግሞ ሲነገር ስላየሁ አንድ እርማት ልጨምር። ምክሩ የመጣው መኖ እንዳይባክን ከማሰብ መሆኑ ይገባኛል፤ እኔም መድፋት አልወድም።

እሳት የሚገድለው ሻጋታውን ነው። ሻጋታው ቀድሞ ያመረተው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ግን እዚያው መኖው ውስጥ ይቀራል። የሚፈርሰው ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሆነ በ100 ዲግሪ መቀቀል አያጠፋውም፤ ማመስም ሆነ ፀሐይ ቢቀንሱትም አያስተማምኑም። ይህን የበላች ዶሮ ጉበቷ ይጎዳል፣ እንቁላል መጣሏም ይቀንሳል። ከመርዙ ጥቂቱ ወደ እንቁላሉ ስለሚያልፍ ጉዳዩ የእኛም ነው። ዳክዬ ካላችሁማ የባሰ ተጠንቀቁ፤ ከዶሮ ይልቅ እሷን ቶሎ ይጎዳታል።

ለማጣራት፦ የሻጋታ ሽታ፣ መጓጎል ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ አትስጡ። ንጹሕ መምሰሉ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መርዙ በዓይን አይታይም፣ እርግጡን የሚነግራችሁ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

የሻገተውን ኮምፖስት አድርጉት። ፕሮቲን ስለሚበዛው ብቻውን ከተከመረ ይገማል፤ ከብዙ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ ጋር ቀላቅላችሁ ክምሩ መሃል ቅበሩት። ዶሮዎቹ ጭረው እንዳያወጡትም ክምሩን አጥሩ። ስትቀላቅሉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም።